ድሮን ይዞ መንገድ፤ ከቦሌ እስከ ዳሞታ

ከሃያ ዓመት በፊት አንድን ከተማ ከሰማይ ላይ ፎቶግራፍ ለማንሳት አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር መከራየት ግድ ነበር፡፡ ዛሬ ይህንን ሥራ በካፖርት ኪስ የሚገባ፣ ክብደቱ ከአንድ ትልቅ ብርቱካን የማይበልጥ ባለካሜራ ድሮን ይሠራዋል፡፡ ዋጋውም ከአንድ ጥሩ ስልክ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ከውጭ አገር ለሠርግና ለበዓል የሚመጡ ወገኖቻችንም ሆኑ ለሥልጠናና ለስብሰባ የሚወጡ ባለሙያዎቻችን እንደ ማንኛውም ዕቃ በሻንጣቸው ሊከቱት ይፈልጋሉ፡፡

እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፡፡ ክረምቱ አልቆ የወላይታ የዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ከጆሐንስበርግ፣ ከዱባይና ከዋሽንግተን ከሚደወልልኝ ጥያቄ መካከል ‹‹ድሮን ይዤ ልምጣ?›› የሚለው እየበዛ መጥቷል፡፡ አጭሩ መልስ ‹‹አስቀድመህ በእጅህ የያዝከው ፈቃድ ከሌለ አታምጣ›› የሚል ነው፡፡ ረጅሙ መልስ ግን ለምን እንዲህ እንደሆነ ማስረዳት አለበት፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ክልከላውን እንደ አንድ ፈታሽ ክፋት ስለሚቆጥረው በሌላ መንገድ ለማለፍ ይሞክራልና፡፡

ድሮን የያዘ መንገደኛ አራት በሮች ይጠብቁታል፡፡ የመጀመሪያው አየር መንገዱ ነው፤ ባትሪውን ያያል፡፡ ሁለተኛው ጉምሩክ ነው፤ ዕቃው አገር ውስጥ መግባት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል፡፡ ሦስተኛው ሰማዩ ነው፤ የሚመለከተው የአቪዬሽን ባለሥልጣንን ነው፡፡ አራተኛው ከሰማዩ በታች የሚኖረው ሰው ነው፡፡ የአንዱ በር ቁልፍ ሌላውን አይከፍትም፡፡ አብዛኛው ሰው የሚቸገረውም የመጀመሪያውን በር አልፎ የቀሩት ሁሉ የተከፈቱለት ሲመስለው ነው፡፡

ካሜራ ነው ወይስ አውሮፕላን?

ድሮን የሚገዛው ከካሜራ መደብር ስለሆነ ገዢው እንደ ካሜራ ያየዋል፡፡ ሕግ ግን በክንፉ በኩል ነው የሚያየው፡፡ የዓለም ሲቪል አቪዬሽን መሠረት የሆነው የቺካጎ ስምምነት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944 ሲፈረም ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች፡፡ የስምምነቱ አንቀጽ 1 እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ አንቀጽ 8 ደግሞ ያለ አብራሪ መብረር የሚችል አውሮፕላን በሌላ አገር ግዛት ላይ ያለዚያ አገር ልዩ ፈቃድ እንዳይበር ይከለክላል፡፡ አንቀጽ 36 በበኩሉ አገሮች ከግዛታቸው በላይ በሚበር አውሮፕላን የፎቶግራፍ መሣሪያ መጠቀምን እንዲከለክሉ ወይም እንዲቆጣጠሩ ይፈቅዳል፡፡ ጊዜው ጀርመን ቪ-1 የተባሉ አብራሪ አልባ ቦምቦቿን ለንደን ላይ ያዘነበችበት ዓመት ነበርና ሐሳቡ ለፈራሚዎቹ እንግዳ አልነበረም፡፡ ሰማንያ ዓመት አልፎም በሻንጣ የሚገባው ድሮን ሁለቱንም ያጣመረ ነው፤ አብራሪ የለውም፣ ካሜራ አለው፡፡

‹‹ይህቺ ትንሽ ነገር ምን ታደርጋለች?›› የሚል አንባቢ ቢኖር ሁለት ምሳሌዎች ልጥቀስ፡፡ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የገና ሰሞን በለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ በመባሉ ብቻ ማረፊያው ተዘግቶ ወደ 1000 የሚጠጉ በረራዎችና ወደ 140 ሺሕ የሚጠጉ መንገደኞች ተስተጓጉለዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት ስትነድ ደግሞ የአንድ ግለሰብ ትንሽ ድሮን ውኃ እየቀዳ እሳት የሚያጠፋ አውሮፕላንን ክንፍ በስቶ ከሥራ አስወጥቶታል፡፡ ግለሰቡ ድሮኑን ርቆ እንዲሄድ ካደረገው በኋላ በዓይኑ አያየውም ነበር፡፡

249 ግራም የት ድረስ ያስኬዳል?

የድሮን ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚያወሩት ስለ 249 ግራም ነው፡፡ ቁጥሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፡፡ አሜሪካና አውሮፓ 250 ግራምን የቁጥጥር መነሻ አድርገው ስለወሰዱ አምራቾች ከዚያ መስመር በአንድ ግራም ዝቅ የሚል ዕቃ ሠሩ፡፡ አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ምዝገባ አያስፈልገውም፤ አብራሪው ግን አጭሩን የደኅንነት ፈተና መውሰድ፣ ከ120 ሜትር ገደማ በላይ አለመውጣትና ድሮኑን ከዓይኑ አለማራቅ አለበት፡፡ በብሔራዊ ፓርኮቿ ውስጥ ማስነሳትና ማሳረፍም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው፡፡

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጉዳዩ ትንሽ ይጠብቃል፡፡ ድሮኑ ከ250 ግራም ቢያንስም ካሜራ ካለውና መጫወቻ ካልሆነ ባለቤቱ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ከኅብረቱ ውጭ የሚሄድ ሰው የሚመዘገበው መጀመሪያ ሊያበር ባሰበበት አገር ነው፡፡ እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ መነሻውን ወደ 100 ግራም አውርዳዋለች፡፡ ስለዚህ ትናንት ለንደን ላይ ያለ አብራሪ ቁጥር ይበር የነበረው ባለካሜራ ድሮን ዛሬ ከባለቤት ቁጥሩ በተጨማሪ የአብራሪ ቁጥርም ይጠየቅበታል፡፡

ወደ አፍሪካና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ስንመጣ የግራሙ ጨዋታ ይቀራል፡፡ ሞሮኮ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያለ ፈቃድ የመጣን ድሮን በጉምሩክ ትይዛለች፡፡ ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ድሮን ማስገባት፣ መያዝና መጠቀም የመከላከያ ሚኒስቴርን ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጋለች፡፡ ኬንያ ለረጅም ጊዜ ዘግታ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2020 ደንብ አውጥታለች፤ በሩ ግን የሚከፈተው በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኗ ፈቃድ ነው፡፡ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 አቡ ዳቢ ከተጠቃች በኋላ የመዝናኛ በረራን አግዳ፣ ዕገዳውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት የጀመረችው በ2025 ነው፡፡ ብዙ የወላይታ፣ የሐድያና የከምባታ ልጆች የሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካ የግል በረራን ትፈቅዳለች፤ ሆኖም ያለ ፈቃድ ከሰው፣ ከሕንፃና ከመንገድ 50 ሜትር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፡፡

እንግዲህ ጆሐንስበርግ ላይ በሕጋዊ መንገድ ሲበር የኖረ ድሮን ይዞ ቦሌ የሚወርድ ወንድማችን ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፡፡ ድሮኑ ያው ነው፡፡ የተለወጠው ከሥሩ ያለው አገር ነው፡፡

ባትሪው የሚሄደው ከባለቤቱ ጋር ነው

አየር መንገዶች ድሮን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ባትሪው ነው፡፡ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው፡፡ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም አዮን ባትሪ በእጅ ሻንጣ መያዝ ይቻላል፡፡ ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት የሚይዘው የአየር መንገዱን ይሁንታ ይጠይቃል፤ ትርፉም ከሁለት አይበልጥም፡፡ ከ160 በላይ የሆነ ከመንገደኛ ጋር አይሄድም፡፡ ከድሮኑ ላይ የወጣ ትርፍ ባትሪ በምንም ዓይነት ወደ ዕቃ ክፍል በሚወርድ ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም፡፡

የባትሪን አቅም ማስላት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፡፡ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓት ማባዛት ብቻ ነው፡፡ ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሠራው ሚኒ 2 ባትሪ 7.7 ቮልትና 2250 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል፤ 7.7 በ2.25 ሲባዛ 17.3 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፡፡ ትልቁ ማቪክ 3 እንኳ 15.4 ቮልትና 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ስለሆነ 77 ዋት ሰዓት ነው፡፡ ሁለቱም ከ100 በታች ናቸው፡፡ ያም ሆኖ የባትሪዎቹን ጫፎች በፕላስተር መሸፈን ወይም እያንዳንዱን በየራሱ ከረጢት ማድረግ፣ እስከ ጢሙም አለመሙላት ይገባል፡፡ ቁልፍና ሳንቲም ካለበት ኪስ ውስጥ የተጣለ ባትሪ ሁለት ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ይግላል፤ ከጋለም ሊነድ ይችላል፡፡

በእጅ ሻንጣ ይሁን የተባለበት ምክንያት በመንገደኞች መካከል የተነሳ እሳት ቶሎ ስለሚታይና የበረራ ሠራተኞች ሊደርሱበት ስለሚችሉ ነው፡፡ በዕቃ ክፍል ውስጥ የሊቲየም ባትሪ አንዴ መቃጠል ከጀመረ ሙቀቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተላለፈ ራሱን ያቀጣጥላል፤ ማጥፊያው ጋዝም ይህንን ሒደት አያቆመውም፡፡ የባትሪ እሳት ምን እንደሚመስል እኛ ኢትዮጵያውያን የቅርብ ምሳሌ አለን፡፡ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ጣራው ተቃጥሎ ነበር፡፡ የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ደርሰውበታል፡፡ የባትሪው ዓይነት ከድሮኑ ባትሪ ቢለይም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ከመዳፍ የማትበልጥ ባትሪ የአውሮፕላን ጣራ ልታበላሽ ትችላለች፡፡

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፡፡ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ መንገደኛ ሻንጣው በቀጥታ ወደ መድረሻው ቢላክም ባትሪው፣ አንዳንዴም ድሮኑ፣ በእጁ ላይ ነው፡፡ የቆይታ ሰዓቱ ረዝሞ ሆቴል ሊያድር ከማረፊያው ሲወጣ ድሮኑም አብሮት ወደ አገር ሊገባ ነው ማለት ነው፡፡ ‹‹እኔ እኮ ትራንዚት ነኝ›› ማለት በዚህ ጊዜ አይሠራም፡፡

ቦሌ ላይ

ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት ፈቃድ የሚጠየቀው በአሕጽሮት ኢንሳ ከምንለው መሥሪያ ቤት ነው፡፡ ሙሉ ስሙ ቀድሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ የነበረ ሲሆን ዛሬ አስተዳደር ተብሏል፡፡ ፈቃዱ የሚገኘው ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ነው፡፡ ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን በጉምሩክ ይያዛል፤ ክብደቱ 249 ግራም ይሁን 5 ኪሎ ለውጥ የለውም፡፡ ርቀት ማያ መነጽር፣ ማለትም ባይኖኩላር የሚይዙ ወፍ ተመልካች ቱሪስቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፡፡ ነገሩ የሚታየው በፀጥታ ዓይን መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል፡፡

የማስገቢያ ፈቃድ ደግሞ የመብረሪያ ፈቃድ አይደለም፡፡ ሰማዩ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ ድሮኑና መቆጣጠሪያው የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ሀብት ነው፡፡ ለዘገባ የመጣ የውጭ ጋዜጠኛ ከሆነ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይጨመርበታል፤ የሚቀረጸው ቅርስ ከሆነም የቅርስ ባለሥልጣን አለ፡፡ በዚህ ላይ የክልሉ፣ የዞኑና የወረዳው አስተዳደር ደብዳቤ ይከተላል፡፡ ከፌዴራል የመጣ ወረቀት ሶዶ ላይ ካልታወቀ በፖሊስ ፊት ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል፡፡

አንድ የአጎቴ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ደውሎ ‹‹ጋሼ፣ ክንፉን ፈትቼ ልብስ መሀል ብከተውስ?›› ብሎኝ ነበር፡፡ ‹‹ኤክስሬይ እኮ ልብስ አይቶ አያልፍም›› አልኩት፡፡ ባትሪው፣ ሞተሮቹና የወረዳ ሠሌዳው በማሽኑ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፡፡ ከሁሉ የሚብሰው ግን የነገሩ ባሕርይ መለወጡ ነው፡፡ አስታውቆ የተያዘበት ሰው ያለ ፈቃድ ዕቃ ያመጣ መንገደኛ ነው፡፡ ደብቆ የተያዘበት ሰው ግን ኮንትሮባንድ ላይ ነው፤ ‹‹ለምን ደበቅከው?›› ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ‹‹ለሠርግ ነው›› የሚለው መልስ አይበቃም፡፡

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፡፡ ድሮኑን ሳያስበው ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው ራሱ ያስታውቅ፡፡ ዕቃው የሚያዝ ከሆነ ዓይነቱና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበል፡፡ ሲመለስ የሚሰጠው ከሆነም ከበረራው ሰዓት ቀደም ብሎ ይድረስ፡፡ ገና ያልተነሳ ሰው ደግሞ ድሮኑን እዚያው ትቶ በድሮኑ የሻንጣ ቦታ ለእናቱ ጥሩ ብርድ ልብስ ይያዝ፡፡ ከላይ የተነሳ ምስል የግድ የሚያስፈልገው ሰው አገር ውስጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቢከራይ ይሻለዋል፡፡ ባለሙያውን ሲከራይም ‹‹ፈቃድ አለኝ›› በሚለው ቃል ብቻ አይርካ፤ ወረቀቱን ይይ፡፡ ፈቃዱ ለየትኛው ድሮን፣ ለየትኛው ቦታ፣ ለየትኞቹ ቀናትና ለምን ዓላማ እንደተሰጠ ያንብብ፡፡ አዲስ አበባ ላይ ለሕንፃ ሥራ የተሰጠ ፈቃድ ሶዶ ላይ ጊፋታን ለመቅረጽ አያገለግልም፡፡

ዳሞታ፣ አጆራና ግቤ

ፈቃዱ ተገኘ እንበል፡፡ ወላይታ ከሰማይ ሲታይ የሚያጓጓ አገር ነው፡፡ ከሶዶ ራስጌ ዳሞታ ተራራ ቆሟል፡፡ ከአረካ ወዲያ የአጃቾና የሶኬ ወንዞች ጎን ለጎን ወደ ገደል የሚወረወሩበት አጆራ ፏፏቴ አለ፡፡ ወደ ምሥራቅ አባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ ደግሞ የኦሞ ሸለቆ ይታያል፡፡ በየቦታው የካዎ አማዶ ካብ እየተባለ የሚጠራው የድሮ መከላከያ ግንብ ቅሪት አለ፡፡ እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ግን ለትንሽ ድሮን የየራሳቸው ፈተና አላቸው፡፡

አንደኛው ከፍታ ነው፡፡ ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዳሞታ አናት ወደ 3000 ይጠጋል፡፡ በ2000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንፃር በ18 በመቶ ገደማ፣ በ3000 ላይ ደግሞ በሩብ ያህል ይሳሳል፡፡ የሳሳ አየር ድሮኑን ለመሸከም ክንፎቹ በፍጥነት እንዲሽከረከሩ ያስገድዳል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፡፡ ካርቶኑ ላይ ‹‹30 ደቂቃ›› የተባለውን ዳሞታ ላይ አምኖ የበረረ ሰው ድሮኑን ፍለጋ ቁልቁል ይወርዳል፡፡ ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው የሚነሳው ነፋስም ለቀላል ድሮን ጠላት ነው፡፡ ከ249 ግራም የተቀነሰው ክብደት የመጣው ነፋስን ከመቋቋም አቅም ላይ ተቀንሶ ነው፡፡

ሁለተኛው ገደሉ ነው፡፡ በብዙ አገር የሚሠራበት የ120 ሜትር ጣሪያ የሚለካው ድሮኑ ከተነሳበት ቦታ አይደለም፤ ከሥሩ ካለው መሬት ነው፡፡ አጆራ አፋፍ ላይ ቆሞ ድሮኑን ወደ ፊት ብቻ የገፋ ሰው ሽቅብ አንዲት ሜትር ሳይወጣ ከሥሩ ያለው መሬት ስለሚከዳው ከፍታው በአንዴ ይጨምራል፡፡ ወደ ገደሉ ካወረደው ደግሞ ድንጋዩ የሬዲዮ ሞገዱን ይጋርደዋል፤ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ይቆማል፡፡ ያን ጊዜ ድሮኑ በራሱ ወደ መነሻው ለመመለስ ይሞክራል፡፡ የመመለሻው ከፍታ አስቀድሞ በትክክል ካልተሞላለት በመካከል ያለውን ዋርካ አያውቀውም፡፡

ሦስተኛው የተከለከለ ቦታ ነው፡፡ በወላይታና በዳውሮ ዞኖች መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ግቤ ሦስት ግድብ 1870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የአገር ሀብት ነው፡፡ ከ240 ሜትር በላይ የሚቆመው ግድብ ለካሜራ ያጓጓል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ተቋም ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት እስር ሊያስከትል ይችላል፡፡ ሶዶም ብትሆን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫው የሆነች ከተማ ናት፡፡ የመንግሥት ቢሮዎች ከገበያና ከመኖሪያ ቤት ጋር ጎን ለጎን ስለሆኑ የአንድን ሠርግ ግቢ ከላይ የሚቀርጽ ድሮን ሳይፈልግ ሌላውንም ይቀርጻል፡፡ ድሮኑም ባለቤቱን ያስቆመዋል ማለት አይቻልም፡፡ ዲጄአይ በተከለከሉ ቦታዎች ላይ መብረርን በግድ ያግድ የነበረውን ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ ወደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ለውጦታል፡፡ ኃላፊነቱ የአብራሪው ነው፡፡

ከሥር ያለው ሰው

አራተኛው በር ማኅተም የለውም፤ ቢሆንም ከሁሉ ይከብዳል፡፡ ወላይታ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው፡፡ የገጠሩ ቤት ከጓሮው እንሰት ጋር ነው፤ ጓሮው የቤተሰቡ ገመና ነው፡፡ በአጥር በኩል አንገት አስግጎ የሚያይ ሰው ነውረኛ ይባላል፡፡ ታዲያ ከአጥሩ በላይ ሆኖ የሚያይ ካሜራ ምን ይባል? ሕጉም ከባህሉ ጋር ይስማማል፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ለአደባባይ ዝግጅትና ለመሳሰሉት የተተወ ልዩ ሁኔታ ቢኖርም ጓሮ ግን አደባባይ አይደለም፡፡ በጊፋታ አደባባይ የተሰበሰበ ሕዝብ ላይም ቢሆን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከ50 ሜትር ከፍታ የወደቀ 249 ግራም ሕፃን ላይ ቢያርፍ ማን ይጠየቃል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ‹‹ድሮን›› የሚለው ቃል በእኛ አገር የራሱ ታሪክ አለው፡፡ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሠርግ ቪዲዮ ይታየዋል፡፡ እኛ ቃሉን የተማርነው በ2013 ዓ.ም. ከጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ዜና ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የድሮን ጥቃት ወሬ አልተቋረጠም፡፡ ጦርነቱ ወላይታ ባይደርስም የወላይታ ልጆች ወታደር ሆነው ሄደዋል፤ ያልተመለሱም አሉ፡፡ አንድ ጊዜ ፈቃድ የያዘ የልኬት ቡድን ዳሞታ ግርጌ ድሮን ሲያስነሳ አብሬ ነበርኩ፡፡ ሕፃናቱ እየሳቁ ሲሮጡ አንድ አረጋዊ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡና ‹‹ልጄ፣ ይኼ የሚያየው ነው ወይስ የሚተኩሰው?›› አሉኝ፡፡ ‹‹የሚያየው ነው፣ አባቴ›› አልኳቸው፡፡ ‹‹ሁለቱም መጀመሪያ ያያሉ›› ብለውኝ ሄዱ፡፡ ለዚህ መልስ የሚሆን ፈቃድ የትኛውም ቢሮ አይሰጥም፡፡ የሚሆነው ከማስነሳት በፊት ቀበሌውንና የሠፈሩን ሽማግሌዎች ማነጋገር፣ ምስሉን በስክሪኑ ላይ ማሳየትና ‹‹አይሆንም›› ያለ ሰው ካለ ዘወር ማለት ነው፡፡

የሚከለከለውም የሚታጣውም

እስካሁን የጻፍኩት ‹‹መንግሥት ልክ ነው፣ መንገደኛው ዝም ይበል›› ለማለት አይደለም፡፡ ክልከላው የሚያሳጣን ነገር አለ፡፡ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከእኛ አጠገብ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፡፡ ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸውና በዶማ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው ነው፡፡ በዚያው ክረምት በወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ሰው የገደለ ናዳ ነበር፡፡ የተሰነጠቀን ተዳፋት ሰው ሳይጠጋው ከላይ ማየት ትንሽ ድሮን በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው፡፡ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ደም ወደ ሆስፒታሎች በድሮን ታደርሳለች፡፡ ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዩኒሴፍ ጋር ሆና ለሰብዓዊ ሥራ የሚያገለግል የድሮን መሞከሪያ የአየር መስመር ከፍታለች፡፡ እነዚህ አገሮች የፀጥታ ሥጋት ስለሌለባቸው አይደለም፤ ማን፣ የት፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚበር በደንብ ስለወሰኑ ነው፡፡

እኛም ዘንድ የሚያስፈልገው ይኸው ይመስለኛል፡፡ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ድሮኑን ከመግዛቱ ወይም ከመጫኑ በፊት የሚያነበው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈ አንድ ግልጽ ገጽ፤ የትኛው ቢሮ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ የሚናገር አንድ ቅጽ፤ ‹‹አይቻልም›› ከሆነም በግልጽ ‹‹አይቻልም›› የሚል መልስ፡፡ ለዞኖችና ለወረዳዎች ደግሞ ለአደጋ ጊዜ የሚነሳ፣ አስቀድሞ የተፈቀደለት ድሮንና የሠለጠነ ሰው፡፡ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ለዚህ የሚሆን ወጣት አታጣም፡፡

ያ እስኪሆን ድረስ መንገደኛው በሩን ያለ ቁልፍ አይግፋ፡፡ ዳሞታን ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ እግር አለው፡፡ ጠዋት ከሶዶ ተነስቶ ሽቅብ የወጣ ሰው ከአናቱ ላይ ቆሞ አባያ ሐይቅን ያያል፤ ለዚህ የሚጠየቅ ባትሪም ፈቃድም የለም፡፡

መልካም መንገድ፡፡